ፓሪስን በአምስት ቀን ለማየት፦ መጀመሪያ ሰዓት ይያዙ፣ ፓሱ ይቆይ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዱባይ ነው። በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከ16 ዓመት ልጄ ጋር ፓሪስ እንገባለን፤ የምንመለሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ልጄ ሥዕል ትሥላለች፤ የጉዞውም ምክንያት ይኸው ነው። ቅዳሜ ሌሊት ከተማው በሥነ ጥበብ ሲያድር የሚነጋበትን ‹ኑዊ ብላንሽ› እናያለን፤ እሑድ ሉቭር በነጻ ስለሆነ እዚያ እንሄዳለን፤ ሰኞ ኦርሴ፣ ማክሰኞ ኦራንዠሪ፣ ረቡዕ ፖምፒዱ። ለሁለታችንም የሁለት ቀን የሙዚየም ፓስ፣ በአንድ ክፍያ ብዙ ሙዚየም የሚያስገባውን ካርድ፣ ልገዛ ነው። የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሉቭር ውስጥ አሉ ሲባልም ሰምቻለሁ። የትኛው ክፍል ናቸው? ፓሱስ ያዋጣል?»

መልስ፦ ከያዙት ዕቅድ ውስጥ እንዳለ የሚሠራ አንድም ቀን የለም። ፓሱን ገና ካልገዙ አይግዙ። ኑዊ ብላንሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር በኦክቶበር መጀመሪያ ነበር፤ እስከ 2022 በዚያው ወቅት ሲከበር ቆይቶ ከ2023 ጀምሮ ወደ ጁን መጀመሪያ ተዛውሯል። ሉቭር የወሩን የመጀመሪያ እሑድ በነጻ መክፈቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ኦርሴ ሰኞ ዝግ ነው። ኦራንዠሪ ማክሰኞ ዝግ ነው። የፖምፒዱ ማዕከል ሕንጻ ደግሞ ለዕድሳት በ2025 ተዘግቷል፤ ይከፈታል የተባለው በ2030 ነው። አንዳንድ ድረ ገጾች ይህን ሁሉ ሳያርሙ የድሮውን እያዞሩ ስለሚያትሙ ብዙ ሰው በር ላይ ደርሶ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ዓመትም ሰዓትም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ትኬቱ ላይ የሚታተመው እንደዚያው ስለሆነ።

የመዝጊያ ቀኑን ጉዳይ አንዴ ከያዙት አይረሳም። ሉቭርና ኦራንዠሪ የሚዘጉት ማክሰኞ ነው። ኦርሴ፣ የፒካሶ ሙዚየም፣ የኬ ብራንሊ ሙዚየም፣ እንዲሁም የከተማው አስተዳደር ሙዚየሞች የሚዘጉት ሰኞ ነው። ውጤቱ ግን ከዝርዝሩ በላይ ይከብዳል፦ ሰኞ ሌላው ሲዘጋ ጎብኚው ሁሉ ሉቭር ላይ ይፈሳል፤ ማክሰኞ ሉቭር ሲዘጋ ኦርሴ ይጨናነቃል። ስለዚህ ክፍት የሆነውን ቀን ማወቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ ሰው የሚሸሽበትን ሰዓትም መምረጥ ያስፈልጋል። ሉቭር ረቡዕና ዓርብ እስከ 21:00፣ ኦርሴ ሐሙስ እስከ 21:45 ክፍት ናቸው። የቡድን አስጎብኚዎች ከሰዓት በኋላ ሰዉን ይዘው ሲወጡ ክፍሎቹ ይተነፍሳሉ። ለምትሥል ልጅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ ቆማ ለማየትም፣ ደብተር አውጥታ ለመንደፍም።

ስለ ፓሱ። ሦስት ነገር ተቀላቅሎብዎታል። አንደኛ፣ ልጅዎ ፓስ አያስፈልጋትም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ሁሉ፣ ከየትም አገር ይምጡ፣ ለመንግሥት ሙዚየሞች ቋሚ ስብስብ አይከፍሉም። ነጻ ነች ማለት ግን ያለ ቀጠሮ ትገባለች ማለት አይደለም፦ ሉቭር ላይ ለእሷም የዜሮ ዩሮ ትኬት፣ ከእርስዎ ጋር በአንድ ሰዓት፣ መያዝ አለበት፤ በር ላይ ዕድሜዋን የሚያሳይ ፓስፖርት ይዛ መገኘት አለባት። ሁለተኛ፣ ፓሱ የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው፦ 48፣ 96 ወይም 144 ተከታታይ ሰዓት፣ የመጀመሪያው በር ላይ ከተነበበበት ደቂቃ ጀምሮ። ሰኞ 9:00 ላይ ያስነበቡት የ48 ሰዓት ፓስ ረቡዕ 9:00 ላይ ይሞታል፤ ሉቭርን ረቡዕ ማታ፣ ኦርሴን ሐሙስ ማታ የሚያይ ሰው ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ ፓስ መያዝ ቀጠሮ አያስቀርም። ሉቭር፣ ኦራንዠሪና ሴንት ሻፔል (በባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶቹ የሚታወቀው የጸሎት ቤት) ፓስ ላለውም ሰው የመግቢያ ሰዓት በኢንተርኔት እንዲይዝ ያስገድዳሉ። ሰዓቱ ካለቀ ፓሱ እጅዎ ላይ እያለ ውጭ ይቆማሉ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ፓሱን ቀድሞ ይገዛል፣ ሰዓት ሊይዝ ሲገባ ቀኑ ሞልቶ ያገኘዋል።

ሂሳቡን የሚቀይር አንድ አዲስ ነገር አለ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሉቭር ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 32 ዩሮ ያስከፍላል፤ ለቀጠናው ሰዎች 22 ነው። ሴንት ሻፔልም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። ከዱባይ የሚመጡ ስለሆነ ከፍተኛውን ይያዙ። የእኔ ምክር የተቆረጠ ነው፦ መጀመሪያ የሉቭርን ሰዓት ያግኙ፣ ቀጥሎ የሦስቱን ሌሎች፣ የኦርሴን፣ የኦራንዠሪንና የሴንት ሻፔልን፣ ዋጋ ይደምሩ፣ ድምሩን ከ96 ሰዓቱ ፓስ ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ፓሱ ግልጽ በሆነ ልዩነት ካላነሰ በቀር ነጠላ ትኬት ይቁረጡ። ፓሱ አንድን ሙዚየም የሚያስገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግራን ፓሌን፣ የሉዊ ቪቶን ፋውንዴሽንን፣ የሉክሰምቡርግን ሙዚየምና ሌሎች ትልልቅ ጊዜያዊ ዐውደ ርእዮችንም አይሸፍንም። ሉቭርና ኦርሴ ውስጥ ግን ጊዜያዊው ዐውደ ርእይ በመደበኛው ትኬት ይታያል።

አሁን ወደ ጎንደር ሥዕሎች። ሉቭር ውስጥ አይደሉም፤ ኬ ብራንሊ በተባለው፣ በሴን ወንዝ ዳር ከአይፍል ማማ አጠገብ ባለው ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሥዕሎቹ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ደብሩ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት ነው። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ የተባለው የፈረንሳይ የምርምር ጉዞ ጎንደር ላይ ሲቀመጥ፣ አብሮት የመጣው ሰዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የግድግዳውን ሥዕሎች ቅጂ ሠራ፤ ቅጂዎቹ ደብሩ ላይ ተለጠፉ፣ ጥንታዊዎቹ ወደ ፓሪስ ተጫኑ። ይህን ማድረግ የተቻለው የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአብዛኛው በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሣል ባለመሆኑ ነው፦ በጨርቅ ላይ ይሣልና ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ እንደ ቆዳ ተገፎ ሊጠቀለል ቻለ። ፊቱ ሲቆሙ ይህን ይፈልጉት፤ ጨርቅ ከጨርቅ የተጋጠመበትን መስመር፣ ቀለሙ የሳሳበት ቦታ ላይ ብቅ የሚለውን የድሩንና የማጉን አሠራር።

ለልጅዎ ደግሞ ትምህርት የሚሆናት የአሣሣሉ ነገር ነው። እነዚህ ሥዕሎች የሚመደቡበት፣ የመጀመሪያው የጎንደር ስልት የሚባለው ጥላ አያውቅም። ፊት የሚገነባው በመስመር ነው፤ የልብሱ እጥፋት በትይዩ መስመር ይወርዳል፣ ጀርባው ያለ ርቀት በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላል። በኋላ የመጣው ሁለተኛው ስልት ነው ጉንጭንና አንገትን ማጥቆር፣ ጀርባውን ከቢጫ ወደ ቀይና አረንጓዴ ማዋሃድ የጀመረው። ልጅዎ አንዱን ፊት በእርሳስ ትንደፈው፤ ያለ ጥላ፣ በመስመር ብቻ። ከባድ መሆኑን የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። አዳራሹ ሆን ተብሎ ጨለም ያለ ነው፤ ቀለምና ጨርቅ በብርሃን ስለሚጎዳ። ዓይን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል፤ ገብቶ ወዲያው ፎቶ አንሥቶ የሚወጣ ሰው ምንም ሳያይ ይሄዳል። ከመሄድዎ በፊት ግን ሥዕሎቹ በዚያ ሳምንት መታየታቸውን ለሙዚየሙ ጽፈው ይጠይቁ፤ ለጥገናና ለብድር ከቦታው የሚነሣ ሥራ አለ።

«ቅርሳችን ለምን አይመለስም?» የሚል ጥያቄ እዚያ ቆሞ ለማንም ይመጣል። የፈረንሳይ ሕግ በመንግሥት ስብስብ የተመዘገበን ቅርስ የማይሸጥ የማይለወጥ ያደርገዋል። ይኸው ሙዚየም በ2021 ለቤኒን 26 ቅርሶችን የመለሰው ፓርላማው በ2020 ለተወሰኑ ቅርሶች ብቻ የተለየ ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። የሙዚየሙ ሠራተኛ ላይ መቆጣት አይጠቅምም፤ በሩ የሚከፈተው በሕግ በኩል ነው። ከዚሁ ተልዕኮና ቀደም ብሎ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ከአንትዋን ዳባዲ ስብስብ የመጡ የብራና መጻሕፍት ደግሞ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እነሱን በአካል ለማየት የተመራማሪ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ጉዞዎ ላይ አይጨምሯቸው፤ ብዙዎቹ ግን ፎቶ ተነሥተው ‹ጋሊካ› በተባለው የቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ፤ ከዱባይ ሆነው ዛሬ ማታ ማየት ይችላሉ።

ይህ ከተያዘ እሑድን ለኬ ብራንሊ ይስጡ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስለሆነ ቋሚ ስብስቡ ነጻ ነው፤ የሚከፈተው 10:30 ነው። ኦርሴና ኦራንዠሪም በዚያ ቀን ነጻ ናቸው፤ ነገር ግን ቀጠሮ ግዴታ ነው፣ ሰዓቱም ቶሎ ያልቃል፣ ውስጡም ትከሻ ለትከሻ ነው። ጥቂት ዩሮ ለማትረፍ የቫን ጎህን ሥራ በሰው ጭንቅላት መሃል ማየት አያዋጣም። ከኬ ብራንሊ ሲወጡ ደቢዪ በተባለው የእግረኞች ድልድይ ወንዙን ይሻገሩ፤ ትንሽ እንደተራመዱ የፓሪስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ጋ ይደርሳሉ። ቋሚ ስብስቡ ሁልጊዜ ነጻ ነው፤ ፖምፒዱ ያጎደለብዎትን የሚክስም እሱ ነው። ራውል ዱፊ ለ1937ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በ250 ሰሌዳ ላይ የሣለው የኤሌክትሪክ ታሪክ፣ ወደ 600 ካሬ ሜትር የሚሰፋ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ከቦ ይታያል። የማቲስ ‹ዳንስ›ም እዚያው አለ።

ሰኞ ኦራንዠሪ ነው፤ የ9:00ን የመጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። ክሎድ ሞኔ የውሃ አበቦቹን ለፈረንሳይ የሰጠው እንዴት እንደሚሰቀሉ ጭምር ወስኖ ነው፦ ስምንት ሥራዎች፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ፣ በሁለት ሞላላ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የተዘረጉ። ክፍሎቹ የተከፈቱት እሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሜይ 1927 ነው። ብርሃኑ የሚገባው ከጣሪያው፣ በነጭ መጋረጃ ተጣርቶ ነው፤ ደመና ሲያልፍ ሰማያዊው ይጠቁራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ሐምራዊው ይነሣል። ስለዚህ መሃል ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ቢያንስ 20 ደቂቃ መቆየት ነው የሚሻለው። ቀጥሎ ልጅዎ እስከሚፈቀድላት ድረስ ትቅረብ፤ አበባ ይመስል የነበረው ነገር ወደ ደረቅ ወፍራም የብሩሽ ጭረት ሲበተን ታየዋለች።

ከዚያ ከኮንኮርድ ጣቢያ በመስመር 1 እስከ ሻትሌ፣ በመስመር 4 አንድ ማቆሚያ እስከ ሲቴ ይሂዱ። ለሴንት ሻፔል የሚመርጡት ሰዓት 13:00 ይሁን። ምክንያቱም በዚያ ወቅት ፓሪስ ላይ ፀሐይ ከፍ የምትለው 13:40 ገደማ ነው፤ በደቡቡ ወገን ያሉት መስኮቶች ያን ጊዜ ይነዳሉ። ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ለእሾህ አክሊሉ ያሠራው ይህ የጸሎት ቤት በ1248 ተባረከ፤ በ15 መስኮቶቹ ላይ 1,113 ትዕይንቶች አሉ። የሚነበቡት በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ታሪኩን በሥዕል ተከትሎ ማንበብ ለለመደ ሰው አይከብድም። ቦታው በፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፍተሻው ጠንካራ ነው፦ መቀስ፣ የእርሳስ መቅረጫ ምላጭ፣ የመስታወት ጠርሙስ በዚያ ቀን ሆቴል ይቅር። ኖትር ዳም እግረ መንገድዎን ነው፤ ካቴድራሉ ውስጥ ለመግባት ገንዘብ አይከፈልም፣ ትኬት ልሽጥልዎ የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው።

ማክሰኞ የማሬ ሰፈር ቀን ነው። ጠዋት የከተማውን ታሪክ የያዘውን የካርናቫሌን ሙዚየም በነጻ ያዩና ከሰዓት በኋላ የግል ጋለሪዎቹን በእግር ይዙሩ። ሰው ጋለሪ ለመግባት የሚፈራው ልግዛ ካላለ የሚያባርሩት እየመሰለው ነው፤ እንዲህ አይደለም። መግቢያ የለውም፤ በሩ የተዘጋ ቢመስልም ደወሉን መጫን ነው፣ ብዙዎቹም በትልቅ በር አልፈው ግቢ ውስጥ ናቸው። ሲገቡ «ቦንዡር» ይበሉ፤ ይህን መዝለል እዚያ አገር ነውር ነው። ከጠረጴዛው ላይ የሥራዎቹን ዝርዝር ወረቀት መጠየቅ ይቻላል። በቱሬን፣ በቪዬይ ዱ ታምፕልና በደበሌይም መንገዶች ላይ በሦስት ሰዓት ስምንት ዘጠኝ ያህል ማየት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ11:00 እስከ 19:00 ነው። ለልጅዎ ከሙዚየሙ የሚበልጥባት ይህ ሊሆን ይችላል፤ በሕይወት ያለ ሰዓሊ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ በምን መጠን፣ በምን ዋጋ እንደሚሸጥ የምታየው እዚህ ነው። በነገራችን ላይ ጉዞውን ወደ ወሩ መጨረሻ ማሸጋሸግ ከቻሉ፣ በግራን ፓሌ የሚካሄደው የአርት ባዝል ፓሪስ የሥነ ጥበብ ገበያና በካሮ ዱ ታምፕል የአፍሪካን ሥነ ጥበብ የሚያቀርበው ‹አካ› በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ይውላሉ። የሆቴል ዋጋ ግን በዚያ ሳምንት ይሰቀላል።

ረቡዕ ሉቭር፣ መግቢያ 16:30። ሞና ሊዛን አስቀድመው አይሂዱባት። በሪሽልዩ ክንፍ ሁለተኛ ፎቅ ካሉት የሆላንድና የፍላንደርስ ሰዓሊዎች ይጀምሩ። እዚያ የቬርሜር ‹ዳንቴል ሠሪዋ› አለች፤ 24 በ21 ሴንቲ ሜትር፣ ከትምህርት ቤት ደብተር ብዙም የማትበልጥ። ከትራሷ የሚወርደው ቀይ ክር ቀርበው ሲያዩት ክር አይደለም፤ የፈሰሰ ቀለም ነው። ሞና ሊዛ ያለችበት አዳራሽ ከ19:00 በኋላ ይቀልላል፤ ከፊቷ የተሰቀለውን፣ ወደ 10 ሜትር የሚሰፋውን የቬሮኔዜን ‹የቃና ሰርግ› ዞር ብለው ይዩት፤ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ይሄዳል። ሉቭር በሠራተኛ እጥረት የተወሰኑ ክፍሎችን በተወሰኑ ቀናት ይዘጋል፤ የዕለቱ ዝርዝር ገጹ ላይ ይወጣል፤ የሚፈልጉት ክፍል ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይፈቀዳል፤ የቀለም ሥራና መስቀያ እግር ግን የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ከ55 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ አይገባም።

ሐሙስ እስከ ከሰዓት ይረፉ። እግር የሚከዳው በአራተኛው ቀን ነው፤ ደክሞት የሚያይ ሰው ምንም አያይም። ኦርሴ ከ18:00 በኋላ ዋጋውም ይቀንሳል። በአሳንሰር ቀጥታ አምስተኛ ፎቅ ወጥተው ከኢምፕረሽኒስቶቹ ይጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ታች ይውረዱ፤ ብዙው ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ስለሆነ ላይኛው ፎቅ ከመጨናነቁ በፊት ያልፋሉ።

ትኬቱን የሚቆርጡት ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ከተመታ በኋላ ይሁን፤ የቀንና የሰዓት ትኬት በአብዛኛው ገንዘቡ አይመለስም። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጡት ብዙዎቹ ገጾች የሦስተኛ ወገን ሻጮች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ጨምረው ይሸጣሉ፤ ከሙዚየሙ ዋና ገጽ ተነሥተው የትኬቱን ክፍል ይጫኑ። የሚያዙበት ቅደም ተከተል የሉቭር ረቡዕ 16:30 ለሁለት ሰው፣ ከዚያ የሴንት ሻፔል ሰኞ 13:00፣ የኦራንዠሪ ሰኞ 9:00፣ መጨረሻ የኦርሴ ሐሙስ 18:00 ነው፤ ቶሎ የሚያልቀው ይቅደም። ሙዚየም ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ የሚመቱበት ጊዜ አለ፤ በየዕለቱ ጠዋት ከሆቴል ሳይወጡ የሙዚየሙን ገጽ ይክፈቱ። ረቡዕ ሉቭር ቢዘጋ ያንኑ ቀን ወደ ፔቲ ፓሌ፣ ወደ ከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ይሂዱ፤ ቋሚ ስብስቡ ነጻ ነው፣ ቀጠሮም አይጠይቅም።